ቻክ የማትለው ካሜራ

ሰርግ ማንሳት ከጀመርኩ ስድስት አመት ሊሞላኝ ነው፣ ከዛ ውስጥ አምስቱን አመት እንጀራ የበላሁት በአንዲት ካኖን 1200ዲ ነው። በፈረንጆቹ 2014 የወጣች፣ ለጀማሪ ተብላ የተሰራች ካሜራ ናት። 18 ሜጋፒክስል፣ 9 የፎከስ ነጥብ፣ በሰከንድ 3 ፎቶ፣ አለቀ። ከዘጠኙ ነጥብ ደግሞ ጨለም ሲል የምታምነው የመሃሉን ብቻ ስለሆነ ሁሌ በመሃሉ ፎከስ ትይዛለህ፣ ግማሽ እንደተጫንክ ፍሬሙን ታዞራለህ፣ ከዛ ታነሳለህ፣ እጄ ስለለመደው ተኝቼም አደርገዋለሁ። የመያዣዋ ጎማ ተላቆ ሁለቴ በማስቲሽ ለጥፌዋለሁ። ደግሞ ትጮሃለች። ውስጧ ያለው መስታወት ሲነሳ ቻክ፣ ሲመለስ ሌላ ቻክ፣ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ በር የሚዘጋ ነው የሚመስለው።

ጣጣው የጀመረው ከዚህች ቻክ ነው። አንድ ተክሊል ላይ፣ ቅዳሴው መሃል ጭጭ ባለበት ሰዓት ሶስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ተጫንኩ፣ ሲያልቅ አንድ አባት ወደ ጎን ጠሩኝና ቀስ ብለው "ልጄ፣ ይቺን ማሽንህን ዝም የምታሰኝበት መላ የለህም?" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ።

ከዛ በኋላ ዱባይ የምትሰራ የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ ያጠራቀምኩትን ልኬላት ካኖን አር10 ይዛልኝ መጣች። ሚረርለስ፣ ማለት ውስጧ መስታወት የሌላት። 2022 ላይ የወጣች ናት፣ 24 ሜጋፒክስል ምናምን፣ እውነቱን ለመናገር ግን ሜጋፒክስሉ ላይ ያን ያህል ልዩነት የለም፣ ለአልበም ለአልበምማ 18ቱም ይበቃል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያ ቀን እህቴን ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አነሳኋት፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሿ የፎከስ ሳጥን አይኗ ላይ ተለጠፈች፣ ዞር ስትል ትከተላታለች፣ ከአንሶላው ጀርባ ገብታ ስትወጣ ወዲያው ትይዛታለች። እኔ አምስት አመት ሙሉ በመሃል ነጥብ ስታገል የኖርኩትን ነገር ይቺ ካሜራ እንደ ጨዋታ ስትሰራው ሳይ ትንሽ ተናደድኩ ሁሉ። ቪውፋይንደሩ ራሱ ትንሽ ስክሪን ስለሆነ ፎቶው ሊጠቁር ይሁን ሊነጣ ሳታነሳ በፊት ታየዋለህ። የድሮዋ ፊፍቲ (50 ሚሊ ሜትር) ሌንሴም በአዳፕተር ቁጭ አለችላት። ባትሪው ግን አይገጥምም፣ ሌላ ነው፣ ደግሞ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ የ1200ዲ ቪውፋይንደር መስታወት ብቻ ስለሆነ እያየህ ብትውል ምንም አይበላም፣ የዚች ግን ስክሪኗ ሁሌ በርቶ ነው። ይሄን ቀድሜ ሰምቼ ስለነበር ሶስት ባትሪ ነበረኝ፣ ጣጣው የመጣው ካልጠበቅኩት በኩል ነው።

ሜኑ ውስጥ ስዞር ሳይለንት ሹተር፣ ድምጽ ሳያሰማ የሚያነሳ፣ የሚል አገኘሁ። አበራሁት። ተጫንኩ። ምንም። ፎቶው ግን ተነስቷል። እኚያ የቤተክርስቲያን አባት ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

በሳምንቱ እሁድ ተክሊል ነበረን። አብራኝ የምትሰራው ልጅ 1200ዲዋን ከኪት ሌንሷ፣ ከካሜራዋ ጋር አብሮ ከሚሸጠው፣ ጋር ወረሰችና በሴቶች በኩል ቆመች፣ እኔ በወንዶች በኩል፣ ሁለታችንም ጫማ አውልቀን ስጋጃው ላይ። ከንጋት ጀምሮ ነው። ሙሽሮቹ ካባቸውን ለብሰው አክሊሉ ሲደፋላቸው እኔ እዛው አጠገብ ሆኜ እንደፈለግኩ እጫናለሁ፣ አንድም ሰው ዞር አላለም። ከማዶ የእሷ ቻክ ሲሰማ እንደውም ትንሽ አፈርኩላት፣ በአይኔ ቀነስ አድርጊ አልኳት። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ጣራው ስር ያለው ኤልኢዲ ነው ያለን ብርሃን። በድሮዋ ቢሆን አይኤስኦው፣ ማለት ካሜራዋ ለብርሃን ያላት ስሜት፣ ከ1600 ሲያልፍ ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል ብዬ ስለምፈራ ሹተሩን እስከ 1/50 ሰከንድ አወርደውና ትንፋሼን ይዤ ነበር የማነሳው። በአዲሷ 6400 ላይም ፎቶው ንጹህ ስለሆነ ጭራሽ ተዝናንቼ 1/320 ላይ አደረግኩት፣ እጅም ቢንቀጠቀጥ ሰውም ቢንቀሳቀስ አይደበዝዝ ብዬ። ቪውፋይንደሩ ውስጥ የሚንሳፈፉ ቀጫጭን ጥላዎች ይታዩኝ ነበር፣ እመኑኝ አይቻቸዋለሁ፣ ስክሪኑ ነው ብዬ አለፍኳቸው። ከጀርባ ገልጬ ፊታቸውን አጉልቼ አየሁ፣ አይናቸው ላይ ፎከሱ ጥርት ብሏል። በቃ ረካሁ።

ከዛ ወደ ፓርክ ሄድን፣ ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሁሉ ሰላም። ማታ አዳራሽ ገባን። ሙሽሮቹ ሊገቡ በር ላይ ቆመዋል፣ ሚዜዎቹ ተሰልፈዋል፣ ዲጄው ዘፈኑን ለቆታል፣ እኔ ፍላሽ ሰክቼ ተጫንኩ፣ ፍላሹ የለም። ደገምኩ፣ የለም። ቴስቱን ስጫነው ቦግ ይላል፣ በካሜራው ስጫን ዝም። ድንጋዩ ነው ብዬ አራቱንም ድንጋይ ቀየርኩ፣ ያው። አውጥቼ መልሼ ሰካሁ፣ ያው። ሙሽሮቹ እየጨፈሩ እየመጡ ነው፣ የሙሽራዋ እናት በእልልታ መሃል "ምነው ልጄ፣ አታነሳም እንዴ?" ይሉኛል፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ "እያነሳሁ ነው እናቴ" እላለሁ።

ልጅቷ መጥታ ፍላሹን ከእጄ ነጠቀችኝና 1200ዲው ላይ ሰካችው። ቻክ፣ ቦግ። "ፍላሹ ደህና ነው፣ ያንተ ካሜራ ነው" አለችኝና ጥላኝ ወደፊት ሄደች፣ መግቢያውን በሙሉ ያነሳችው እሷ ናት።

እኔ ስፒከሩ ጀርባ ተደብቄ ሜኑውን መፈተሽ ጀመርኩ። ለካ ሳይለንት ሹተሩ ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ ነው፣ እሱ ከበራ ደግሞ ፍላሽ አይሰራም። ኋላ እንደገባኝ ሳይለንት ሲሆን ሴንሰሩ ፊት ያለው የሹተር መጋረጃ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ ሴንሰሩ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው፣ ራሱ ምስሉን ከላይ ወደታች መስመር በመስመር ያነበዋል፣ ፍላሽ ደግሞ አንዴ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ነገር ስለሆነ ቢበራም የሚይዘው የተወሰነውን መስመር ብቻ ነበር፣ ስለዚ ካሜራው ከነጭራሹ ይዘጋዋል። አጠፋሁት፣ ፍላሹ ሰራ፣ ተመስገን ብዬ ልሄድ ስል ግን አንድ ነገር ሆዴን ቆረጠኝ። መስመር በመስመር ከሆነ የጠዋቱስ?

ወደኋላ ገለጥኩ። ጠዋት ያጎላሁት ፊት ፊታቸውን ነበር፣ አሁን ሙሉውን ፎቶ አየሁት። ከላይ እስከ ታች አግድም አግድም የተዘረጋ ጥቁር ሽንትር፣ ነጩ የሀበሻ ቀሚስ ላይ፣ ካባው ላይ፣ የቄሱ ጥምጣም ላይ። አንዱ ፎቶ ላይ ሽንትሩ ልክ በሙሽራው አፍንጫ ያልፋል።

የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ርካሽ ኤልኢዲ ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል፣ በአይን አይታይም። በ1/320 ሳይለንት ስታነሳ እያንዳንዱ መስመር የሚያገኘው የዛችን ቅጽበት ብርሃን ብቻ ነው፣ አንዱ መስመር ሲደምቅ ይነበባል፣ ሌላው ሲደበዝዝ። 1/100 ወይ 1/50 ላይ ብሆን ኖሮ እያንዳንዱ መስመር ድምቀቱንም ድብዘዛውንም እኩል ስለሚያገኝ ምንም አይታይም ነበር። ልጅቷ ታዲያ የት የነበረች ይመስላችኋል? 1/50። አውቃ እንዳይመስላችሁ፣ ካሜራዋ ከዛ በላይ ስለማትችልላት ነው፣ ኪት ሌንሷ ብርሃን አያስገባም፣ አይኤስኦውን ብትጨምረው አሸዋ ይሆንባታል፣ ምርጫ የላትም። እኔን ያጠፋኝ አዲሷ ካሜራ ስለምትችል ነው፣ ስለቻለችልኝ እስከ 1/320 ወጣሁ።

ሶስት ሌሊት ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ተጥጄ አደርኩ። ሽንትሩን በማስክ አንድ በአንድ ልታደምቅ ትሞክራለህ፣ ከቀሚሱ ላይ ሲጠፋ ፊቷ ላይ ይነጣል። ብላክ ኤንድ ዋይት አደረግኩት፣ ጭራሽ ባሰበት። ከ340 የቤተክርስቲያን ፎቶዬ ለሰው የሚሰጥ ስልሳ አይሞላም። እሷ ያነሳችው 112 ነው፣ ትንሽ አሸዋ አለው፣ ሁለት ሶስቱ ደብዝዟል፣ የቀረው አልበም ገባ። አክሊሉ የተደፋበትን ሰዓት ከሴቶች በኩል፣ ትንሽ ከራቅ ያለ ቦታ፣ አንዲት እናት ነጠላ ግማሽ ፍሬሙን ይዞ፣ እሱ ነው ያለን። ለሙሽራው ደውዬ ከቅርብ ያነሳሁት ተበላሽቷል ብዬ እውነቱን ነገርኩት፣ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ፣ ከዛ "ያለውን ላክልኝ" ብቻ አለኝ። የቀረውን ክፍያ አልተቀበልኩም፣ ካንቫሱንም በራሴ ወጪ አሰራሁት።

አር10ን አልሸጥኳትም፣ እንደውም አሁን ያለሷ አልወጣም። የሚገርመው ሳይለንቱን ጭራሽ አያስፈልገኝም ነበር። መስታወት ስለሌላት በኖርማሉ ሹተር ራሱ ድምጿ ከ1200ዲ ያነሰ ነው፣ ያን ቀን አንዴ ብሞክረው ኖሮ ምናልባት ማንም ባልሰማኝ። አሁን ቤተክርስቲያን ስገባ መጀመሪያ ጣራውን ነው የማየው፣ ሳይለንት የግድ ካስፈለገኝ 1/100 ወይ 1/50፣ ከዛ ሙሉውን ፎቶ ገልጬ ነጭ ልብስ ላይ አያለሁ፣ ፊት አላጎላም።

ልጅቷ ደግሞ ልማድ አወጣችብኝ። በር ላይ ጫማችንን ስናወልቅ ጆሮዋን ካሜራዬ ላይ ታስጠጋና "እስቲ አሰማኝ" ትለኛለች። አንዴ እጫናለሁ። ከሰማች ትገባለች።