«ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ሙያው ያደረገ ሰው

የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ውሎዬ ከሰዎች ዕቅድ ጋር ነው። አንዱ ሁለተኛ ዲግሪውን መጨረስ ይፈልጋል፣ ሌላዋ ሥራ መቀየር፣ ሌላው ሲጋራ ማቆም። «እንዴት ላሳካው?» የሚል ሰው ሞልቷል። «ለመሆኑ ይህን ነገር የያዝኩት ለምንድን ነው?» ብሎ የሚመጣ ግን እምብዛም አይገጥመኝም።

ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ይዞ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራ ተመራማሪ አለ። ኬነን ሼልደን ይባላል። ከሙያው ውጭ ስሙን የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም። የእኔን አሠራር ግን የእሱን ያህል የቀየረው የለም። ዛሬ ስለ እሱ የሥራ ሕይወት ላውራችሁ።

ሼልደን ለዶክትሬት የተማረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ ሮበርት ኤመንስ ዘንድ ነው። የጨረሰው በ1992 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።) ኤመንስን ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ስለ ምስጋና ባደረገው ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1986፣ ለእኔ የበለጠ ዋጋ ያለው ሥራ አሳትሟል። ሰዎችን «ተግባቢ ነህ? ቶሎ ትጨነቃለህ?» እያሉ መጠየቅ ብቻ አይበቃም አለ። «በየዕለቱ ለማድረግ የምትጥረው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸውና በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ አደረገ። ከዚያም የጻፉትን ከስሜታቸውና ከኑሮ እርካታቸው ጋር አገናዘበ። ባሕርይ ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል። የሚጥርለት ነገር ደግሞ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይናገራል። ሼልደን ከመምህሩ የወሰደው ይህን ነው፤ የሰውን ግብ ከራሱ ከሰውየው አፍ መስማት።

ከዚያ ወደ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ ሰውን ለሥራ የሚያነሳሳው ምን እንደሆነ የሚያጠኑት ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ነበሩ። የዴሲን ሙከራ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ የሁሉም ነገር መነሻ እሱ ነውና። በ1971 የታተመ ነው። ተማሪዎች ሶማ የሚባል የመገጣጠሚያ እንቆቅልሽ ይሰጣቸዋል። ሰባት ቁርጥራጮች አሉት፣ በብዙ መንገድ ይገጣጠማል፣ አንዴ ከያዙት ለመተው የሚያስቸግር ነገር ነው። ተማሪዎቹ ሦስት ቀን ይመጣሉ። በመካከለኛው ቀን ላይ ለግማሾቹ ለእያንዳንዱ ለፈቱት እንቆቅልሽ አንድ ዶላር ይከፈላቸዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ክፍያው ይቀራል። ቁም ነገሩ ያለው ግን እረፍቱ ላይ ነው። ሙከራውን የሚመራው ሰው ምክንያት ፈጥሮ ለስምንት ደቂቃ ከክፍሉ ይወጣል። ጠረጴዛው ላይ መጽሔቶች አሉ፣ እንቆቅልሹም አለ። ተማሪው የፈለገውን ማድረግ ይችላል። ክፍያ ቀምሰው የነበሩት፣ ክፍያው ሲቀር እንቆቅልሹን የሚነኩበት ጊዜ ቀነሰ። ምንም ያልተከፈላቸው ግን መጫወታቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ልዩነቱ ያን ያህል ጎልቶ የወጣ አልነበረም፣ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። በ1999 ዴሲ፣ ራያንና ሪቻርድ ኬስትነር 128 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ግን ነገሩ ጸንቶ ተገኘ። ደስ ብሎን በምንሠራው ነገር ላይ «ይህን ካደረግክ ይህ ይሰጥሃል» የሚል ሽልማት ሲደረብበት ደስታው ይቀንሳል።

ሼልደን ሁለቱን አገናኘ። ከኤመንስ በሰው ቃል የተጻፈውን ግብ ወሰደ። ከዴሲና ከራያን ደግሞ «ይህ ከውስጥ የመነጨ ነው ወይስ ከውጭ የተጫነ?» የሚለውን ጥያቄ። በ1999 ከአንድሩ ኤሊየት ጋር ያሳተመው ጥናት የዚህ ውጤት ነው። እኔም ሥራ ላይ የማውለው እሱን ነው፣ ስለዚህ ቀረብ ብለን እንየው።

ሰውየው ግቦቹን ይጽፋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ግብ አራት ምክንያቶች ይቀርቡለታል። አንደኛ፣ ይህን የምታደርገው ሌላ ሰው ስለሚፈልገው ወይም ሁኔታው ስለሚያስገድድህ ነው? ሁለተኛ፣ ባታደርገው ስለምታፍር፣ ጸጸት ወይም ጭንቀት ስለሚሰማህ ነው? ሦስተኛ፣ አስፈላጊ ነው ብለህ ከልብህ ስለምታምን ነው? አራተኛ፣ ማድረጉ ራሱ ስለሚያስደስትህ ነው? ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። እኔ ከ1 እስከ 9 እንዲሰጡ አደርጋለሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ይደመራሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ይቀነሳሉ።

ለምሳሌ የሒሳብ ባለሙያነት ፈተና ለማለፍ የምታጠና አንዲት ሴት ለመጀመሪያው 7፣ ለሁለተኛው 8፣ ለሦስተኛው 4፣ ለአራተኛው 2 ሰጠች እንበል። ውጤቷ ከዜሮ በታች 9 ነው። ፈተናው አይጠቅማትም ማለት አይደለም። የምትገፋበት ጉልበት በአብዛኛው የተበደረችው ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር አይቶ ዝም የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የሚቆጣም አለ። ሁለቱንም ምላሽ አከብራለሁ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም ጠይቆት የማያውቅ ነገር ነውና።

የጥናቱ ውጤት ለሥራዬ ወሳኝ ነው። ከራሳቸው ጋር የሚስማማ ግብ ያላቸው፣ ማለትም ይህ ቁጥራቸው ከፍ ያለ ሰዎች፣ ጥረታቸው ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ስለዚህ ግቡ ላይ የመድረስ ዕድላቸው ይጨምራል። ሲደርሱም የሚያገኙት እርካታ ይበልጣል። በእፍረትና በግፊት የተያዘ ግብ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሼልደንና ኤሊየት በ1998 እንዳሳዩት፣ መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ «በርትቼ እሠራለሁ» ይላሉ። ጊዜ ሲያልፍ ግን ጥረቱ ይሟሽሻል። ብዙ ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል። ራሱን እየሰደበ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ግን ከስንፍና በፊት ምክንያቱን ልይ እላለሁ።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሼልደን በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ነው የሠራው። እዚያ ካደረጋቸው ሥራዎች የምወደው ከሕግ መምህሩ ከሎረንስ ክሪገር ጋር በአሜሪካ የሕግ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ነው። በ2004 የወጣው ጥናት ያሳዘነኝም ያስገረመኝም ነገር አለው። ተማሪዎቹ ሲገቡ ደህና ነበሩ። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ የደስታ ስሜታቸው ወረደ። ለትምህርቱ የነበራቸው ፍቅርም ቀነሰ። የሚያስቡለት ነገር ራሱ ተቀየረ፤ ሰዎች እንዴት ያዩኛል ወደሚለው አዘነበለ። ከሁሉ የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከልባቸው ፈልገው የገቡት የተሻለ ውጤት አመጡ። ጥሩ ውጤት ማምጣታቸው ደግሞ በተራው ሰውን ከማገልገል ሥራ ወደ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጫና ወዳለው ሥራ ሳባቸው። ትምህርት ቤቱ ጎበዞቹን ካመጣቸው ነገር ሊያርቃቸው ይችላል ማለት ነው። ጎበዝ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ሁለቴ አንብቡት።

ደግነቱ በ2007 ተከታይ ጥናት አወጡ። መምህራኑ ምርጫ ይሰጡናል፣ ለምን እንደሚያዝዙን ያስረዱናል፣ የእኛን ወገን ያያሉ የሚሉ ተማሪዎች የደስታ ስሜታቸው ያን ያህል አልወረደም። ውጤታቸውም የተሻለ ሆነ። ስለዚህ የመምህሩ አነጋገር ብቻውን ትንሽ ነገር አይደለም።

ሼልደን በሰፊው የተጠቀሰው ግን በሌላ ሥራ ነው። በ2005 ከሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ከዴቪድ ሽኬድ ጋር በሰዎች መካከል ያለውን የደስታ ልዩነት ለሦስት ከፈሉት፦ 50 በመቶ ከወላጅ ከሚወረስ ተፈጥሮ፣ 10 በመቶ ከኑሮ ሁኔታ፣ 40 በመቶ ከምናደርገው። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ፣ ትችትም አስከተለ። ሼልደንና ሊዩቦሚርስኪ በኋላ ተመልሰው መረመሩትና 40 በመቶው ሳይበዛ እንዳልቀረ ተቀበሉ። በጣም የታወቀበትን ቁጥር ራሱ መልሶ የሚያርም ተመራማሪ አክብሮት ይገባዋል።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳብኛል። «ይህ የምዕራባውያን ነገር ነው። እኛ ለቤተሰብ ነው የምንኖረው» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሼልደንና ባልደረቦቹ በ2004 በአሜሪካ፣ በቻይና፣ በደቡብ ኮሪያና በታይዋን አጥንተውታል። በአራቱም ቦታ ግቡ ከራሱ ጋር የሚስማማ ሰው በኑሮው የተሻለ ደስተኛ ነበር። ደግሞም ጥያቄው «ለራስህ ነው ወይስ ለሌላ?» አይደለም። ለእናቱ መድኃኒት ብሎ የሚሠራ ሰው ለሦስተኛው ምክንያት ሙሉ 9 ሊሰጥ ይችላል። ይህ የገዛ ራሱ ግብ ነው። በሌላ በኩል ለራሱ ብቻ ብሎ ሰውነቱን ለማሳመር የሚለፋ ሰው ሙሉ በሙሉ በእፍረት እየተነዳ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ሰው ጸጥ ብሎ ካሰበበት ልዩነቱ ይገባዋል።

መሞከር ከፈለጋችሁ ግቦቻችሁን ጻፉ፣ አራቱን ምክንያቶች ጠይቁ፣ ነጥብ ስጡ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ወረቀቱን ለማንም አታሳዩ፣ ለትዳር ጓደኛም ቢሆን። ሰው እንደሚያየው ካወቃችሁ ሦስተኛው ምክንያት ላይ ነጥቡ ይበዛል፣ ሁለተኛው ላይ ያንሳል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነም ግቡን ለመተው አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሦስተኛው ምክንያት ላይ ቆዩ። በዚያ ግብ ውስጥ ከልባችሁ የምታምኑበት አንድ ነገር እንኳ ካለ ሥራውን ከዚያ በኩል ጀምሩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ነጥብ ስጡት። ያኔም ካልተነቃነቀ ስለ መተው ማሰብ ይቻላል።