የኅዳር ጉንፋንና የእኔ ጥድፊያ

የልጄ ጉንፋን በ9 ቀን ለቀቃት፤ ጉንፋኑን ፈጥኜ አስለቅቃለሁ ብዬ በገዛ እጄ ያደረስኩባት ቃጠሎ ግን ለመሻር ከ3 ሳምንት በላይ ወሰደ። ከዚያች ሌሊት በፊት አንድ ሰው «ተው፣ ዝም ብትላት ይሻላል» ቢለኝ ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ ተቆጭቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ያለኝ ሰው ነበር፤ እናቴ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማኋቸውም።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ማለዳ ማለዳ ሣሩን ውርጭ ያነጣዋል፤ ሰዉም ጉንፋን ሲይዘው «ብርድ መታኝ» ይላል። እኔም ጉንፋን ከብርዱ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ ጉንፋን የሚያስይዙት ቫይረሶች ከ200 በላይ ሲሆኑ ከሁሉም የሚበዛው ራይኖቫይረስ የሚባለው ነው። ብርዱ መንገድ ይጠርግለታል እንጂ በራሱ አያስይዝም። በርና መስኮት ዘግተን በአንድ ክፍል ተጠጋግተን እንድንውል ያደርገናል፤ ራይኖቫይረስም ከሰውነታችን ውስጥ ይልቅ 33 ዲግሪ ገደማ በሆነው ቀዝቃዛ የአፍንጫ ክፍል ውስጥ ይበልጥ ይራባል። ይህን ልዩነት ባለማወቄ ምን እንደደረሰ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያን ጊዜ ልጄ 3 ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። በሙአለ ሕፃናቱ ግማሹ ልጅ አፍንጫው ይዝረበረብ ስለነበር ኅዳር 9 ቀን ማስነጠስ ስትጀምር አልተገረምኩም። በማግሥቱ ትንሽ አተኮሳት፤ በሦስተኛው ቀን ንፍጧ ወፍሮ ወደ አረንጓዴነት ተለወጠ። የገብስ አጥሚት ጠጣች፣ ተኛች፣ ተነጫነጨች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ጉንፋን በተለመደ መንገዱ ሲሄድ የሚታይ ነበር።

ኅዳር 12 ቀን ሚካኤል ነው፤ ኅዳር የሚታጠንበትም ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የገባው ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ስለፈጀ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ቀን ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ያ የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ እንጂ ጉንፋን አልነበረም፤ ኢንፍሉዌንዛ በድንገት በኃይለኛ ትኩሳትና በቁርጥማት ሰውን ይጥላል፣ ጉንፋን ግን ቀስ ብሎ ከጉሮሮና ከአፍንጫ ይጀምራል። ልማዱን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን የሚያስል ልጅ ላለው ቤት ያ ጭስ ጠላት ነው። በዚያ ምሽት የሰፈሩ ጭስ በበራችን ስንጥቅ እየገባ ልጄን እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ያለማቋረጥ አሳላት፤ እኔም ትዕግሥቴ አለቀ።

እናቴ ለበዓሉ ከሞላሌ መጥተው ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለመቀቀል ስነሣ አይተው፣ «ልጄ፣ መታጠን ለአዋቂ ነው። ሕፃን ፍል ውኃ አጠገብ አይቀመጥም። ዳማከሴውን አሸት አድርገህ አሽትታት፤ ታድራለች» አሉኝ። እኔም፣ «እማዬ፣ ነገ ሥራ አለብኝ፤ ዛሬ ካልለቀቃት ትምህርት ቤቱ አይቀበላትም» አልኩ። ሥራዬ አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

ቅጠሉን በትልቁ ድስት አፈላሁ፤ ድስቱን ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ፤ ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለታችንንም በጋቢ ሸፈንኩ። በጋቢ ውስጥ ጨለማ መሆኑን፣ የጨለማና የትኩስ እንፋሎት ድንጋጤም ለሕፃን ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም። እንፋሎቱ ፊቷን እንደነካት ጮኸች፤ ስትፈራገጥ ድስቱን በእግሯ ገፋችው፤ ውኃው ከግራ ጭኗ ጀምሮ እስከ ባቷ ወረደ። ለብሳው የነበረው የሱፍ ታይት ፍል ውኃውን ጠጥቶ ቆዳዋ ላይ ያዘው። እኔ ግን መጀመሪያ የታገልኩት ከተጠመጠመብን ጋቢ ጋር ነበር፤ ታይቱን እስካወልቅ ድረስ ያለፉት ሰከንዶች ዛሬም ከእንቅልፌ ያነቁኛል።

እናቴ ጀሪካን አንሥተው እግሯ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ጀመሩ። ትክክለኛው ነገር እሱ ነበር፤ ቃጠሎ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ጉዳቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይረዳል። እኔ ግን «ብርድ ይመታታል፣ ጉንፋኑ ይብስባታል» ብዬ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አስቆምኳቸው። ስለ ጉንፋን የነበረኝ የተሳሳተ እምነት ሕመሟን እጥፍ ያደረገው በዚህች ቅጽበት ነው። ከዚያም ጎረቤት ሮጣ ያመጣችውን የጥርስ ሳሙና ቁስሉ ላይ ቀባሁት።

ወደ አንድ ጤና ተቋም ስንደርስ ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ የጤና መድኅን ደብተራችን አለመታደሱን አይቶ መጀመሪያ ገንዘብ ቤት ሄጄ እንድከፍል አዘዘኝ። ገንዘብ ተቀባዩ ቦታው ላይ አልነበረም። ሕፃን ልጅ ተቃጥላ እየጮኸች ለ40 ደቂቃ ያህል መቆማችን ዛሬም ያናድደኛል፤ ድንገተኛ ሕመምተኛን አስቀድሞ አክሞ ወረቀቱን ከኋላ ማስተካከል የሚከብድ ነገር አልነበረም። የጥርስ ሳሙናውን ከቁስሉ ላይ ያጠበው ባለሙያ ሲቆጣኝ ግን መልስ አልነበረኝም፤ ማጠቡ ከቃጠሎው ባላነሰ አስለቅሷታል።

ቁስሏን ካሸገ በኋላ ያው ባለሙያ ንፍጧ አረንጓዴ መሆኑን አይቶ «ለጉንፋኑም» ብሎ አሞክሳሲሊን ጻፈላት። ገዝቼ ሰጠኋት፤ በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት። የማውቃት ነርስ መጥታ ደረቷንና አተነፋፈሷን ከመረመረች በኋላ መድኃኒቱ እንዲቆም ነገረችኝ፤ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን እንደማይገድል፣ በጉንፋን መካከል ንፍጥ መወፈሩና አረንጓዴ መሆኑም ብቻውን የባክቴሪያ ምልክት እንዳልሆነ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ይህን አንድ የሠለጠነ ባለሙያ አለማለቱ ያሳዝነኛል። በየመንገዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትማ ሌላ ጉዳይ ናቸው።

አሁን ልጄን ጉንፋን ሲይዛት መጀመሪያ የማነሣው ሰዓት ነው። ተረጋግታ ወይም ተኝታ ሳለች ልብሷን ገለጥ አድርጌ የምትተነፍሰውን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ዕድሜው ከ1 እስከ 5 ዓመት ለሆነ ልጅ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ለሆነ 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር በታች ለሆነ ደግሞ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ነው። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የደነዘዘ ልጅም እንዲሁ ነው። በየግድግዳው የሚለጠፈው ማስታወቂያ «ልጅዎ ካሳለ ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይምጡ» ይላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ጥቂት ወራት ያላለፈው ሕፃን ካልሆነ በቀር፣ ቆጠራው ደህና ሆኖ የሚጠጣና የሚጫወት ልጅ ከሆነ፣ በውርጭ ማለዳ ተጎትቶ ሌሎች ሕሙማን በሚያስሉበት ወረፋ ላይ ከሚቀመጥ ቤቱ ቢተኛ ይሻለዋል። ጉንፋን ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ ሳሉ ብቻውን እስከ 3 ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል።

አፍንጫዋ ሲዘጋ አንድ ብርጭቆ ፈልቶ የበረደ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟቼ ከመኝታ በፊት ሁለት ሁለት ጠብታ አደርግላታለሁ። ለሳሉ ማታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር እሰጣታለሁ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ትኩሳቱ ካስጨነቃት ፓራሲታሞል በክብደቷ መጠን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ እሰጣታለሁ፤ አስፒሪን ለልጅ አልነካም። የሳል ሽሮፕ መግዛትም ትቻለሁ። ዳማከሴው አልቀረም፤ ሽታው ያረጋጋታል፣ የማንንም ቆዳ አይልጥም፤ ጭማቂውን አፍንጫዋ ውስጥ ማንጠብጠብ ግን በእኛ ቤት ክልክል ነው።

ለመከላከሉ ከሁሉ የጠቀመን ሳሙና ነው። ከምግብ በፊት በውኃ ብቻ እጅ ማስታጠብ ልማዳችን ነው፤ ቫይረሱ ግን ንፍጥ ከጠረገ እጅ ወደ በር እጀታ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ዓይንና አፍንጫ ስለሚሄድ፣ ከሙአለ ሕፃናት ስትመለስና አፍንጫዋን በጠረገች ቁጥር በሳሙና እንታጠባለን። ጉንፋን የያዘው ዘመድ ሲመጣ እንዳይስማትና እንዳያጎርሳት እናገራለሁ፤ አንዳንዶች ቅር ተሰኝተውብኛል፣ ይሁን። መስኮት ክፈቱ የሚለውን ምክር ደግሞ በእኛ ከተማ ሌሊት የሚፈጽመው የለም፤ እኔ ፀሐይ ሞቅ ካለችበት ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከፍቼ አውላለሁ። በዘጋነው ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ጉንፋን ቢኖርም ባይኖርም ሰው ይገድላል።

ዘንድሮም በኅዳር ያዛት። የሰፈሩ ጭስ ከመነሣቱ በፊት፣ ኅዳር 12 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ራቅ ወዳለ ሰፈር ወደ አክስቷ ቤት ወሰድኳትና እዚያው አደረች፤ ከሥራም አንድ ቀን ቀረሁ። ማታ ስቆጥር 26 ነበር። የግራ ባቷ ላይ ያለው ጠባሳ በውርጭ ወራት እየደረቀ ስለሚያሳክካት ከመተኛቷ በፊት ቫዝሊን ቀባኋት።