ዳሩ አረንጓዴ የሆነ መንገድ

በመሃል ፈረንሳይ ያለችው ክሌርሞን-ፌራን ጥቁር ከተማ ናት። ካቴድራሏ ጥቁር ነው። የድሮ ቤቶቿ ደጃፍና መስኮት ጥቁር ነው። አደባባይ ላይ ያሉት የውሃ ገንዳዎች ሳይቀሩ ጥቁር ናቸው። መኖር ስጀምር ለሥራ እንጂ ለዓይን የምትሆን ከተማ አልመሰለችኝም ነበር። ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ደቡብ ባሕር ነበር የምሮጠው። አሁን ግን ቅዳሜ ሲደርስ ከዚሁ አካባቢ አልወጣም። ለዚህ ያበቃኝ የወረቀት ካርታ ማንበብ መማሬና ካርታው የመራኝ አንድ የገጠር መንገድ ነው። መንዳት ለምትወዱ፣ በተለይ ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ለምትኖሩ ወገኖች፣ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

ከካርታው ልጀምር። የምጠቀመው የሚሽላንን የመንገድ ካርታ ነው። ጎማ አምራቹ ሚሽላን የዚሁ ከተማ ነው። ወንድማማቾቹ አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን ድርጅቱን እዚህ ያቋቋሙት በ1889 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካርታው ላይ ቀዩ ዋና መንገድ ነው፤ ቢጫው ሁለተኛ ደረጃ፤ ነጩ ትንሹ የገጠር መንገድ። ከአንዳንዶቹ ጎን ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይሄዳል። ይህ መንገድ ያምራል፣ ዙሪያህን እያየህ ሂድ ማለት ነው። ስልኬ ሁልጊዜ ፈጣኑን መንገድ ነው የሚመርጥልኝ። ካርታው ግን የሚያምረውን ያሳየኛል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የምኖርበትን ከተማ ስፈልግ፣ በስተምዕራብና በስተደቡብ አረንጓዴው መስመር እየተጠላለፈ ይሄዳል። ያ ሁሉ ደግሞ ከደጄ ብዙም አይርቅም።

ሌላው ቀስቶቹ ናቸው። መንገዱ ላይ ቀስት ካለ ዳገት አለ፤ ቀስቱ የሚያመለክተው ወደ ላይ የሚወጣበትን አቅጣጫ ነው። አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ (በ100 ሜትር ከ5 እስከ 9 ሜትር የሚወጣ)፣ ሁለት ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ከ13 በመቶ በላይ ነው። እኔ ስሄድ ቀስቱ ወደ እኔ የሚያይ ከሆነ ቁልቁለት ይጠብቀኛል። ያኔ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሼ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው አደርጋለሁ። ፍሬን ብቻ ተማምኖ ረጅም ጠመዝማዛ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል። ማታ ማታ ካርታው ላይ ቀስት እየቆጠርኩ መንገዱን በሐሳቤ መንዳት ትልቁ ልምምዴ ሆኗል።

እህቴ ከቢሾፍቱ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እነዚህን መስመሮች ተከትለን ወጣን። መጀመሪያ ሴን-ኔክቴር የሚባል መንደር። በሮማኔስክ፣ ማለትም በመካከለኛው ዘመን የድንጋይ አሠራር የታነጸው ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ ቆሟል። ዙሪያው ላሞች የተሰማሩበት ለምለም ኮረብታ ነው። የአካባቢው ፎርማጆ ስሙን ከዚህ መንደር ነው የወሰደው። ስትገዙ ቅርፊቱ ላይ ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ ምልክት እዩ። ሞላላ ከሆነች ገበሬው በራሱ ከብቶች ወተት እርሻው ላይ የሠራው ነው፤ አራት ማዕዘን ከሆነች ከወተት ፋብሪካ የወጣ ነው። እኔ ሞላላዋን እመርጣለሁ። ቅርፊቱ የምድር ቤት ሽታ አለው፤ እህቴ መጀመሪያ አፍንጫዋን ያዘች፣ ኋላ ግን ለጉዞ ይሁነን ብላ ሙሉውን አስገዛችኝ።

ከዚያ ሙሮል። የፈረሰ ግንቡ ከጥቁር አለት አናት ላይ ሆኖ መንደሩን ቁልቁል ያያል። ሻምቦን ሐይቅን ከአጠገቡ አይተን በጥቁር ድንጋይ ወደተሠራችው ወደ ቤስ ከተማ ወጣን። ከቤስ ትንሽ አለፍ ብሎ ፓቫን ሐይቅ አለ።

ፓቫን ላይ ቆም ልበል፤ ልቤ የተነካው እዚያ ነውና። በጥድና በሌሎች ዛፎች የተከበበ፣ ክብ የሆነ፣ ጥልቅ ሰማያዊ ውሃ ነው። የተፈጠረው ከዛሬ 7,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ትኩስ ቅላጭ አለት ከመሬት በታች ከውሃ ጋር ሲገናኝ ምድሩ ፈንድቶ ጉድጓድ ሆነ፤ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው። ጥልቀቱ 92 ሜትር ነው። የታችኛው ውሃ ከላይኛው ጋር አይቀላቀልም፤ ስለዚህ ታች ያለው ኦክስጅን የለውም። እህቴ ከመኪና ወርዳ ውሃውን እንዳየች፣ «አንተ! ይሄ እኮ ቢሾፍቱ ሐይቅ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። የእኛዎቹ ቢሾፍቱም ሆራም በዚሁ መንገድ የተፈጠሩ ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀትም ወደ 87 ሜትር ይደርሳል። ሁለታችንም ያደግነው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ዳር ነው። ስንት ዓመት በፈረንሳይ ስኖር የልጅነቴ ሐይቅ ወንድም እዚህ እንዳለ አላወቅኩም ነበር።

ዳሩን ዞርነው። ዳገቱ ላይ ሳንሲን አሳየኋት፤ ማሲፍ ሳንትራል የሚባለው የመሃል ፈረንሳይ ደጋ ከፍተኛው ተራራ ነው፣ 1,885 ሜትር። «ታዲያ ከእኛ ቤት ያንሳል!» አለችና ሳቀች። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለመናው ዳሩ አረንጓዴ ነው። በክሯ ሴን-ሮቤር የተራራ ማለፊያ (1,451 ሜትር) ወጣን፤ እዚያ ዛፍ የለም፣ ሣርና ነፋስ ብቻ። ወደ ሞን-ዶር ከተማ ወረድን። የዶርዶኝ ወንዝ መነሻው ከዚህ በላይ፣ ከሳንሲ ሥር ነው። ጌሪ ላይ ቱይሊዬርና ሳናድዋር የሚባሉ ሁለት ግዙፍ አለቶች ሸለቆውን ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል። ኦርሲቫልን ስናልፍ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብተን ከእንጨት ተቀርጻ በብር የተለበጠችውን እመቤታችንን አየን። እህቴ ሻማ አበራች።

እዚያው አካባቢ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሚሽላን ድሮ ያቆመው የመንገድ ምልክት አለ። ወፍራም የሲሚንቶ ምሰሶ ነው፤ ጽሑፉ የሰፈረው ግን ድንጋይ ላይ ነው። ቮልቪክ ከምትባል የአካባቢው ከተማ የሚወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በስሱ ተሰንጥቆ፣ ኢናሜል ተቀብቶ በእቶን ይተኮሳል። ዝናብም ውርጭም ቀለሙን አይነካውም። ሚሽላን በመላው ፈረንሳይ ያቆማቸው ነበር። ጣቴን ጫፉ ላይ፣ ቀለም ያልነካው ቦታ ላይ ሳሳርፍ ድንጋዩን አወቅኩት። የካቴድራላችን ድንጋይ ነው።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ፒዊ ደ ዶም በሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራ ግርጌ አድርገን ወደ ከተማ ስንወርድ፣ ክሌርሞን ከታች ተዘርግታ፣ ሁለቱ ጥቁር የካቴድራል ጫፎች ከመሃል ወጥተው ይታያሉ። ያ ቀለም የጭስ ወይም የቆሻሻ አይደለም። ያን ቀን የዞርንበት አገር ራሱ ነው ከተማ ሆኖ የቆመው። የካቴድራሉ ግንባታ የተጀመረው በ1248 ነው። የቮልቪክ ድንጋይ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ዓምዶቹን ቀጭን አድርጎ ማቆም ተችሏል። ውስጥ ገብታችሁ ቀና ብትሉ ይህ ይታያችኋል።

ከዚያ ወዲህ የከተማዬን ነገር እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርኩ። ሼን ደ ፒዊ የሚባለው የእሳተ ገሞራዎች ሰንሰለት 80 ገደማ ጫፎች አሉት። ከጎኑ ካለው የሊማኝ ስብራት ጋር በ2018 የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆኗል። ስብራቱ መሬት ሲለጠጥ የተሰነጠቀበት ነው፤ የእኛ ስምጥ ሸለቆ የተፈጠረበት ዓይነት ኃይል ነው፣ እዚህ ግን ሳይገፋ ቆሟል። ተራሮቹ ላይ ምንጭ ብትፈልጉ እምብዛም አታገኙም። ዝናቡ በተቦረቦረው አለት ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል፤ የሚወጣው ታች፣ ላቫው በሚያልቅበት ዳርቻ ነው። ቮልቪክና ሩዋያ ላይ ውሃ የበዛው ለዚህ ነው። የከተማው መሃል አደባባይ፣ ፕላስ ደ ዦድ፣ እሱም በጥንት ዘመን ፍንዳታ የቆፈረው ጉድጓድ ላይ ነው ያለው። እንደገና ጉድጓድ ዳር እየኖርኩ ነው!

ስንወርድ ጆሯችን ደፈን ክፍት ይል ነበር። ምክንያቱ የአየር ግፊት በከፍታ መለዋወጡ ነው፤ ይህን በሙከራ ያረጋገጠው የዚህ ከተማ ተወላጅ ነው። ሳይንቲስቱ ብሌዝ ፓስካል እዚህ የተወለደው በ1623 ነው። በሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 የእህቱ ባል ፍሎራን ፔሪዬ በፓስካል ጥያቄ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ መጀመሪያ ከተማው ውስጥ አንድ ገዳም ግቢ ለካ፤ ከዚያ ፒዊ ደ ዶም ጫፍ ላይ ወጥቶ ለካ። ላይ ሜርኩሪው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት እንደሚቀንስ በዚህ ታወቀ። ዛሬ ጫፉ ድረስ በግል መኪና አይወጣም። በ2012 ሥራ የጀመረው ጥርሳም ሐዲድ ያለው ባቡር አለ። እኔ ግን የበቅሎ ነጂዎቹን የድሮ መንገድ በእግር መውጣት እወዳለሁ።

ለመጀመር ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። ትንንሽ መንደሮች ውስጥ ምልክት ከሌለ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው፤ ጠባብ መገናኛ ሲያጋጥማችሁ ፍጥነት ቀንሱና ቀኛችሁን እዩ። ነጭ ጠርዝ ያለው ቢጫ ዳይመንድ ካያችሁ ቅድሚያው የእናንተ ነው። የመንደሩ ስም በቀይ ጠርዝ ተጽፎ ካያችሁ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሌላ ቁጥር ካልተጻፈ በቀር። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ተለይተው በተጠቀሱ ተራራማ ወረዳዎች የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው፤ ይህ ከ2021 ጀምሮ ነው። ካርታው ላይ ሊታዩ የሚገባቸው ቦታዎች ኮከብ ተደርጎባቸዋል፤ እኔ ግን ኮከብ የሌላቸውንም መንደሮች አልፋቸውም። ዳቦ ቤት ያለው መንደር ሁሉ መቆም ይገባዋል።

ቀጣዩ ዕቅዴ ወደ ደቡብ፣ ወደ ካንታል መውረድ ነው። ፓ ደ ፔሮል የሚባለው ማለፊያ 1,589 ሜትር ላይ፣ ከፒዊ ማሪ ተራራ ሥር ነው። ካርታው ላይ ቀስቶቹ ተደራርበዋል። ክረምት ላይ በበረዶ ስለሚዘጋ ጸደይ ገብቶ እስኪከፈት እየጠበቅኩ ነው። የሄዳችሁበት ካላችሁ ከየትኛው ወገን መውጣት እንደሚሻል ንገሩኝ፤ ከሳሌር በኩል ነው ወይስ ከሙራ?