ለምን ገደለው?

ትናንት ማታ ያየሁት ፊልም እስካሁን እያብከነከነኝ ነው። መናኛ ፊልም ሞልቷል፤ አይቼ እረሳዋለሁ። ይሄኛው ግን የጃፓኑ አኒሜሽን ድርጅት የስቱዲዮ ጂብሊ ነው። «ቶቶሮ» የተባለውን ፊልም ከሠሩ፣ ኦስካር ከወሰዱ ሰዎች ሲመጣ ይበልጥ ያበግናል።

«ቴልስ ፍሮም ኧርዝሲ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አኒሜሽን ነው። መነሻው የአሜሪካዊቷ ደራሲ የኡርሱላ ለጉዊን መጻሕፍት ናቸው። ዳይሬክተሩ ጎሮ ሚያዛኪ የታላቁ የሃያዎ ሚያዛኪ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም። የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ነበር፤ ኋላ የስቱዲዮውን ሙዚየም መርቷል። አባትየው ልምድ የለውም ብሎ ተቃውሞ ነበር።

አጀማመሩ ያጓጓል። ባሕሩ ይናወጣል፣ መርከበኞቹ ቀና ሲሉ ከደመናው መሀል ሁለት ዘንዶዎች ይናከሳሉ። ከዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሡ ስለ አገሩ ሲጨነቅ አምሽቶ በጨለማው ኮሪደር ወደ ክፍሉ ሲያመራ፣ የገዛ ልጁ አሬን ዘሎ በጩቤ ይወጋዋል። ሰይፉን ይዞ ይጠፋል።

አብራኝ ስታይ የነበረችው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ለምን ገደለው?» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ ኋላ ይነግሩናል» አልኳት።

ምን ይነግሩናል! መጻሕፍቱ ላይ እንዲህ ያለ ግድያ ጭራሽ የለም። እዚያ ልዑሉን ወደ ጠቢቡ ጌድ የሚልከው ራሱ አባቱ ነው። በፊልሙ ልጁን የሚያሳድደው ጥላም የተወሰደው ከጌድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ጌድ ወጣት ሳለ፣ በትዕቢት ተነሳስቶ ያልተፈቀደለትን አስማት ይሞክራል፤ ጥላውን የሚለቅቀው ራሱ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ጠባሳም የዚያ ዋጋ ነው። ፊልሙ ጠባሳውን ይዞ ምክንያቱን ጣለው።

እኛ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ያደግን ልጆች ተአምር አይገርመንም። አያቴ ስታወራን፣ አንዲት እመቤት ነፍሰ ጡር ሴት በደለች፣ ፈጣሪ ተቆጣ፣ አገሩ በሙሉ ውሃ ሆነ። ደረቅ የቀረው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው፤ ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። ውሃው ከየት መጣ ብሎ የተከራከራት ልጅ አላስታውስም። ለምን እንደመጣ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ደግሞ የስሙ ነገር አለ። በኧርዝሲ ዓለም እውነተኛ ስምህን ያወቀ ሰው ይገዛሃል። ይሄን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደብተራ ዘንድ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የክርስትና ስሙንና የእናቱን ስም ነው፤ ስሙን የሚደብቅም ለዚሁ ነው። ፊልሙ ይህን የመሰለ ጉዳይ ይዞ በወሬ ያባክነዋል። አሬን ስሙን ለክፉው ጠንቋይ ለኮብ አሳልፎ ሲሰጥ ትንፋሼ ሊቆም ይገባ ነበር። እኔ ግን መብራት ሳይጠፋ ብዬ ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ እየሰካሁ ነበር።

ጌድ የዓለም ሚዛን ተዛብቷል እያለ ይሰብካል፤ ሲዛባ ግን እምብዛም አናይም። መጨረሻ ላይ ኮብ ይሞታል፣ አበቃ። ክፋቱ በሙሉ አንድ ሰው ላይ ተላክኮ ከእሱ ጋር ይቀበራል። ለጉዊን ራሷም በዚህ ቅር ተሰኝታ ጽፋለች።

አንድ ነገር አልክድም። ቴሩ የምትባለው ልጅ ሜዳ ላይ ብቻዋን ቆማ ያለ ምንም መሣሪያ ትዘፍናለች። ሳሩን ነፋስ ያስተኛዋል። አሬን ከኋላዋ ቆሞ ይሰማና እንባው ይወርዳል። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች ያሉት አገር ሰው በዜማ በቀላሉ አይታለልም፤ እኔም አልታለልኩም፣ ልጅቷ በእውነት ትችላለች። ካርቱን ለማየት የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ እንኳ ዝም አለች። ፊልሙን ከፍላሹ አጥፍቼዋለሁ። ዘፈኑን ግን ፈልጌ ስልኬ ላይ ጭኛለሁ።