ጥፍር የምታክል ቫልቭ

ወሎ ደጋው ላይ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወሩን የጨረሰ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ግን ዝልፍልፍ ብሎ ወጣ፣ አላለቀሰም። አዋላጇ ሲስተር አደራርቃ ርጥቡን ጨርቅ ቀየረች፣ ጀርባውን አሸት አሸት አደረገች። ትንፋሽ የለም። እትብቱን ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። 1 ቁጥር ማስክ ዓይኑን ሳይነካ አገጩን፣ አፉንና አፍንጫውን እንዲሸፍን ገጥማ አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባውን ከረጢት፣ መጭመቅ ጀመረች። ገና አንድ ደቂቃ አልሞላም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነው።

ደረቱ ግን አልተነሳም።

ደረት ካልተነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማስኩ ነው፤ አየር በጉንጭ በኩል ያመልጣል። አንስታ እንደገና ገጠመችው። አንገቱን አስተካከለች፤ ወደ ፊት ካዘመመም፣ ወደ ኋላ ከተለጠጠም የአየር መተላለፊያው ይጠባል። አፉን አየች፣ ከፈት አድርጋ ጠበቅ አድርጋ ጨመቀች። ምንም። አክስቲቱ የወላዷን ትከሻ ይዘው "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" ይላሉ።

ነገሩ የገባት በእጇ ነው። ደህና ባግ ሲጨመቅ እጅን መልሶ ይገፋል፤ ይኼኛው ያለ ምንም ትግል ይሟሽሻል። ጆሮዋን ስታስጠጋ አየሩ ከባጉ አንገት ላይ ካሉት መውጫ ቀዳዳዎች ስስ... እያለ ይወጣል።

እዚያ አንገት ውስጥ የዳክዬ ምንቃር የምትመስል ስስ የሲሊኮን ቫልቭ ትቀመጣለች። ባጉ ሲጨመቅ ምንቃሯ ተከፍቶ አየሩን ወደ ሕፃኑ ታሳልፋለች፣ ጠርዟ ደግሞ መውጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ሲለቀቅ ትዘጋለች፣ የሕፃኑ ትንፋሽም በቀዳዳዎቹ ይወጣል። እሷ ከሌለች ቀዳዳዎቹ ሁልጊዜ ክፍት ናቸው፤ ማስኩ የቱንም ያህል ቢገጥም አየሩ በአቋራጭ ያመልጣል። ክፋቱ፣ ቫልቯ የሌለችው ባግ ከውጭ ሲታይ ሙሉ ነው።

ነርሱ ስቶር ሮጦ ባለሙያዎች ሕፃን ማስተንፈስ የሚለማመዱባትን አሻንጉሊት ካርቶን ይዞ መጣ። አብሮ የታሸገው ባግ እውነተኛ ነው። ንጹሑን ማስክ ነቅለው እሱ ላይ ሰኩት፤ ደረቱ ተነሳ። በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል ጨመቁ፣ ያለ ኦክስጅን፣ በክፍሉ አየር ብቻ። የልብ ምቱ ከ100 በላይ ወጣ፣ ቆይቶም አለቀሰ። መጀመሪያ ላይ ስለዘገየ፣ እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ኮፍያ አጥልቆ ወደ ደሴ ተላከ፤ እንዲህ ያለ ሕፃን ቢያለቅስም ማንቀጥቀጥ እንዳይመጣበትና ጡት መሳቡን መከታተል ያስፈልጋል።

ቫልቯ ጠዋት ተገኘች፤ መቀቀያው ድስት ሥር ተለጥፋ፣ ጥፍር የምታክል። ቀን የተጠቀሙበት ባግ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተቀቀለ፣ ተረኛ ሊቀያየር ሲል ያለ እሷ በጥድፊያ ተገጠመ።

ሰሜን ታንዛኒያ በሚገኘው ሃይዶም ሆስፒታል ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በማስክ አየር መስጠት በ30 ሰከንድ በዘገየ ቁጥር የሞት ስጋት በ16 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። እዚያው የአንድ ቀን ሥልጠና ሲሰጥ ደግሞ ባለሙያዎቹ አሻንጉሊቷ ላይ ጎበዙ፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን አሠራራቸው አልተለወጠም። ለውጡ የመጣው እዚያው ክፍል ውስጥ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ተደጋጋሚ ልምምድ ሲጀመር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት ከ1,000 ሕፃናት ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። የዚያች የወሎ ጤና ጣቢያ አሻንጉሊት ግን "እንዳትበላሽ" ተብላ ስቶር ውስጥ ትከርም ነበር።

አሁን ጤና ጣቢያዋ አሻንጉሊቷን ከካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው አጠገብ አኑራለች። ተረኛ ሲረከብ ማስኩን መዳፉ ላይ አጥብቆ ባጉን ይጨምቃል፤ መዳፉ ግፊት ሊሰማው፣ ግፊት ሲበዛ አየር የሚያስወጣው ማስተንፈሻ ሊከፈት፣ ሲለቀቅም ባጉ ወዲያው ሊሞላ ይገባል። ካልሆነ ይፈታል። ቫልቯ ደግሞ አሁን የምትቀቀለው ከገበያ በተገዛ የሻይ ማጥለያ ውስጥ ሆና ነው።