ከቤተሰብ ጋር አገር ስንቀይር፦ የልጆቹ ወረቀት ጣጣ

ልጆች ይዛችሁ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ካሰባችሁ ስለ አየሩ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ መናፈሻው የሚነግራችሁ አታጡም። አዲስ የመጣ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ከተማው ወላጁን ምን ያህል እንደሚያንገላታ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ይህን የምጽፈው እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

በየዓመቱ የሚወጡትን የከተሞች ደረጃዎች እኛም አገላብጠናል። ስሙ የገነነው የኢኮኖሚስት መጽሔት ቡድን የጥናት ክፍል የሆነው የኢኮኖሚስት ኢንተሊጀንስ ዩኒት ዝርዝር ነው። 173 ከተሞችን በመረጋጋት፣ በጤና፣ በባህልና አካባቢ፣ በትምህርትና በመሠረተ ልማት ይመዝናል። እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024 ቪየና አንደኛ ነበረች። በ2025 ኮፐንሃገን ቦታውን ወሰደችባት። ለቪየና ሰዎች አዝናለሁ፤ ግን የቤት ኪራይ ስንት ነው የሚለው በዚህ ውጤት ውስጥ አይቆጠርም። ኩባንያዎች ሠራተኛ ወደ ሌላ ከተማ ሲልኩ ምን ያህል የችግር አበል እንደሚከፍሉ ለመወሰን የሚጠቀሙት እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር ነው። ኩባንያ ለላከው ሰው ቤት የሚፈልግለት፣ ወረቀት የሚያስጨርስለት አለ። እኛ ማን አለን?

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) የሚያወጣው የተሻለ ሕይወት መለኪያ ይሻላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። 11 ርዕሶች አሉት፤ ለየትኛው ምን ያህል ክብደት እንደምትሰጡ የምትወስኑት ራሳችሁ ናችሁ። አንድ ማታ ተራ በተራ ሞላነው። ባለቤቴ ገቢን ጣሪያ አስነካው። እኔ ጤናን። ትልቋ ልጃችን የሥራና የኑሮ ሚዛን የሚለውን እስከ መጨረሻው ገፋችና «እናንተ በጊዜ ቤት እንድትገቡ ነው» አለችን። ሁለታችንም የምንመልሰው አጣን። መለኪያው የሚያወዳድረው አገርን ከአገር ስለሆነ ከተማ አይመርጥላችሁም። ቤተሰቡን ለማነጋገር ግን ተወዳዳሪ የለውም።

ትንሹ ልጃችን አስም ስላለበት የአየር ጥራት ላይ ቀልድ አላወቅንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፒኤም 2.5 ለሚባለው ደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠውን ዓመታዊ ልክ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ዝቅ አድርጎታል። አብዛኛው ከተማ ከዚህ በላይ ስለሆነ ማን ይቀርበዋል ብላችሁ ፈልጉ። የዓመቱን አማካይ ብቻ አትመኑ፤ ወር በወር እዩ። በብርድ ወራት እንጨትና ከሰል የሚያነድ ከተማ በሙቀቱ ጊዜ ንጹሕ መስሎ ይሸውዳችኋል።

ሌላው የመንገድ ሰዓት ነው። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍሬይ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በጀርመን መረጃ ላይ ተመሥርተው ወደ ሥራ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። የሚያገኙት ደመወዝም ሆነ ቤት ያንን አላካካሰላቸውም። ስለዚህ ቤቱ ጠበብ ይበል፣ ቦታው ቅርብ ይሁን አልን። በዚህ ውሳኔ ዛሬም እኮራለሁ።

በመጨረሻ ሁለት ከተሞች ቀሩ። አንደኛዋ በሁሉም መስፈርት በለጠችና እሷን መረጥን። ትኬት፣ ሻንጣ፣ የዕቃ ሽያጭ፣ ስንብት፤ እንደማንኛውም ሰው ነው፣ አላሰለቻችሁም።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

የከተማው አስተዳደር መመሪያ እንዲህ ይላል፦ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት በአገራችሁ አስተርጉሙ፣ አረጋግጡ፣ ይዛችሁ ኑ። ቃል በቃል ፈጸምነው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ ወረቀቱን ገለበጠች። ጀርባው ላይ ያለውን ማረጋገጫ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ አደረገች።

«ይሄ አልተተረጎመም» አለች።

«ማኅተም እኮ ነው!»

«ማኅተሙ ላይ ጽሑፍ አለ።»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ቀጣዩን ተራ ቁጥር ጠራች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. የ1961 የሄግ ስምምነትን የተቀበሉ አገሮች እርስ በርስ አፖስቲል የሚባለውን ማረጋገጫ ይቀበላሉ። አፖስቲል የሚመሰክረው ለፊርማውና ለማኅተሙ እውነተኛነት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ስላለው ነገር ዋስትና አይሰጥም። ስምምነቱ ውስጥ ከሌለ አገር የመጣ ወረቀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ በኩል ይዞራል። በሁለቱም መንገድ ትርጉሙ ከቀደመ፣ በኋላ የተመታው ማኅተም ሳይተረጎም ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ማረጋገጥ፣ ከዚያ ማኅተሙን ጭምር ማስተርጎም ነው። መመሪያው ግን ማስተርጎሙን ነው ያስቀደመው።

እሺ ብለን ማኅተሙን አስተረጎምን። በሌላ ቀን ሌላ ሰውዬ ተቀበለን። ተርጓሚው እዚያው አገር ፍርድ ቤት ቃለ መሐላ ፈጽሞ የተመዘገበ መሆን አለበት አለን። ታዲያ «በአገራችሁ አስተርጉሙ» የሚለውን ማን ጻፈው? ትከሻውን ነቀነቀ። ከተመዘገቡት አንዱን ፈልገን፣ እንደ አዲስ ከፍለን ተመለስን። በዚህ ጊዜ ሴትዮዋ ቀኑን አየችና የልደት ምስክር ወረቀቱ ከወጣ ከስድስት ወር በላይ ሆኖታል፣ አዲስ አምጡ አለችን። ልጁ በየስድስት ወሩ ይወለድ ይመስል!

አድራሻው ደግሞ ሌላ አዙሪት ነው። ትምህርት ቤቱ የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ይጠይቃል። አከራዩ የባንክ ሒሳብ ካላሳየህ አያከራይም። ባንኩ አድራሻ ከሌለህ ሒሳብ አይከፍትም። ሦስቱም በትሕትና ነው የሚያባርሩት፤ ያ ደግሞ ይብሳል። ትንሹ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አዝሎ ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል። ትልቋ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ትውላለች፤ «ተይ» ለማለት እንኳ ሞራሉ አልነበረኝም።

መላው የተገኘው ከአንዲት ጎረቤት ነው። «እምቢ ያሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጡኝ በይ» አለችኝ። ሄጄ አልኩ። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 የመማር መብትን እንደሚያውቅም ጨመርኩ። ሴትዮዋ ዝም ብላ አየችኝና ከኋላ ካለው ክፍል አለቃዋን ጠራች። አለቃው «ልጆቹ በጊዜያዊነት ይመዝገቡ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» አለ። ለካ ጊዜያዊ ምዝገባ የሚባል ቅጽ አለ! መሳቢያው ውስጥ ነበር። ያን ያህል ስንመላለስ ስሙን የጠራልን አልነበረም።

እኔን ከሰማችሁ፣ መመሪያው ቤት ያዙና ትምህርት ቤት ፈልጉ ቢልም ተቃራኒውን አድርጉ። አገሩን ከመምረጣችሁ በፊት በየከተማው ላለ አንድ ትምህርት ቤት ጻፉ። ልጄ እዚህ ዕድሜ ላይ ነው፣ ቋንቋውን አይችልም፣ ምን ታደርጉለታላችሁ በሉ። ሰው የጻፈው መልስ ከመጣ ያ ከተማ አንድ ነጥብ ያገኛል። ካልመጣ እኔ ብሆን እሰርዘዋለሁ፣ ደረጃው አንደኛም ቢሆን። በዚያው የክፍል ነገር ጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ የክፍል መቁረጫው ሴፕቴምበር 1 ነው፤ ፈረንሳይ የምታየው የተወለደበትን ዓመት ነው። ያው ልጅ እንደ አገሩ አንድ ክፍል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊል ይችላል።

ከመነሳታችሁ በፊት ለምታምኑት ዘመድ ውክልና ስጡ። አዲስ የልደት ወረቀት ሲጠየቅ እህቴ ባትኖር ኖሮ ለአንድ ወረቀት አውሮፕላን ልሳፈር ነበር። የመጀመሪያውን ማረፊያ ስትከራዩ ደግሞ አድራሻ ለማስመዝገብ የሚያገለግል ውል ይሰጥ እንደሆነ አረጋግጡ። ርካሽ ሆኖ ውል የማይሰጥ ቤት በኋላ ያስከፍላችኋል።

ከተማው ራሱ? አየሩ ንጹሕ ነው፤ ልጁ የአስም መድኃኒት መንፊያውን የሚያነሳው ከስንት አንዴ ነው። ትልቋም እኛ በጊዜ ስለምንገባ አሁን «ትንሽ ቆይታችሁ ብትመጡስ» ማለት ጀምራለች። መውጣታችን አይቆጨኝም። ሁለተኛዋ ከተማ ግን አንዳንዴ ትዝ ትለኛለች።

መመሪያው እንዲታረም ለአስተዳደሩ ጽፌ ነበር። ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ መጣ። ባለፈው ሳምንት ከፍቼ አየሁት፤ አሁንም በአገራችሁ አስተርጉሙ ይላል።