ሰኔን ከባይፖላር ጋር መሻገር

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ባይፖላር ለተባለ የአእምሮ ሕመም ሊትየም የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከግንቦት ጀምሮ ቢሮአችን ውስጥ በጊዜ የሚወጣ ሰው የለም። ሌላው ሰው ይደክመዋል፤ እኔን ግን ያመኛል።

መጀመሪያ የሚሄደው እንቅልፌ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ፣ ድካም ግን አይሰማኝም። ሐሳቤ ይፈጥናል፣ ወሬዬ ይበዛል፤ ማኒያ፣ ማለትም የባይፖላር ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ የሚጀምረኝ እንዲህ ነው። አንገቴ ይገትራል፣ ጨጓራዬ ይነሳል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ የማስታወስ ችሎታዬ ነው፦ ከቫውቸሩ ላይ ቁጥር አይቼ ወደ ኮምፒውተሩ እስክዞር መሐሉ ይጠፋብኛል።

ሐኪሜ ምክንያቱን አስረዱኝ። ውጥረት ሲበዛ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይጨምራል። ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል፤ ሳይወርድ ሲቆይ ግን እንቅልፍ ያዛባል፣ የደም ግፊትና ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ለማስታወስ የሚያገለግለውን የአንጎል ክፍልም ይጎዳል። ባይፖላር ያለበት ሰው ደግሞ ድሮውንም ለልብና ለስኳር በሽታ የበለጠ የተጋለጠ ነው። ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ። ነገሩን ስንፍና ወይም የእምነት ማነስ የሚያደርጉ ዘመዶች ብዙ ናቸውና።

አሁን ዝግጅቴ የሚጀምረው ሚያዝያ ላይ ነው። በደሜ ውስጥ ያለውን የሊትየም መጠን አስለካለሁ። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ የማምሸቱን ሥራ ወደ ማለዳ አዛወርኩ። ቅዳሜም እሑድም ጠዋት 12 ሰዓት እነሳለሁ፤ ለእኔ ከመኝታው ሰዓት ይልቅ የጠቀመኝ የመነሻውን አለማዛነፍ ነው። ከምሳ በኋላ ቡና አልጠጣም። እኅቴ «ወንድሜ፣ ዛሬ ወሬህ ፈጥኗል» ካለችኝ ሳልከራከር ለሐኪሜ እደውላለሁ፤ ጤነኛ ሳለሁ የተስማማነው ነው።

ሊትየም ለሚወስዱ ወገኖቼ አጥብቄ የምነግረው ሌላ ነገር አለ። አንገቴን ሲያመኝ ፋርማሲ ገብቼ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ገዝቼ አልውጥም፤ ሁለቱም ሊትየም ከሰውነት እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ሐኪሜ የፈቀዱልኝ ፓራሲታሞል ነው። የሐዋርያት ጾምም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። ውኃ ሳይጠጡ ሲዋል ኩላሊት መድኃኒቱን ያስቀረዋል፣ መጠኑም ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሊመርዝ ይችላል። እጅ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ተቅማጥ ከያዘ፣ እግር ከተንገዳገደ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ልጄ፣ ውኃህን ጠጣ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ፤ ከጥሉላቱ መከልከልህ ይበቃል» አሉኝ።

ሐምሌ ሲጋመስ እንቅልፌ ይስተካከላል። ቁጥር የመያዙ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ እስከዚያ ሁሉን ነገር ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ የባንክን ሒሳብ ከመዝገባችን ጋር ሳስታርቅም ባልደረባዬ ደግማ ታይልኛለች። ሊትየም ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት እጢ ሊያደክም፣ ያም ራሱ አእምሮን ሊያደነግዝ ስለሚችል፣ ሁሉንም በውጥረት አላሳብብም፤ በየስድስት ወሩ ታይሮይዴንና ኩላሊቴን እመረመራለሁ።